የእናት አባት ጡረታ በማን እጅ ነው?



አዲስ የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚፈጽማቸው ጉዳዮች አንዱ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። የመቋቋሚያው ገንዘብ (ሳል ክሊታ) የሚገባው እዚያ ነው። የአረጋውያን ጡረታም (ቂጽባት ዚቅና) ከቢቱዋሕ ለኡሚ በየወሩ በ28ኛው ቀን ወደ ባንክ ይገባል። በኢትዮጵያ ሳለን ሽማግሌ ሀብቱን በዓይኑ ያየው ነበር፤ ከብቱ በበረት፣ እህሉ በጎተራ ነበር። እዚህ ግን ሀብቱ በዕብራይስጥ በተጻፈ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ወረቀቱን የሚያነብለትም ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው ስለ ባንክና ስለ አረጋውያን ልንጽፍላችሁ የወደድነው።

እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች የአረጋዊ ገንዘብ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሌባ ሳይሆን ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው። ነገሩም በክፋት አይጀምርም። ለምሳሌ አንዲት እናት እግራቸውን ስለሚያማቸው ካርዳቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ። ልጁ መጀመሪያ የታዘዘውን ያህል ያወጣል። ቀጥሎ «በኋላ እመልሳለሁ» እያለ ጥቂት ይጨምራል። በመጨረሻም ለመድኃኒት ሲጠይቁት «ገንዘቡ ገና አልገባም» ይላቸዋል። እርሳቸውም ቢጠረጥሩ እንኳ «የራሴን ልጅ በባዕድ ፊት እንዴት ላዋርደው?» ብለው ዝም ይላሉ። ሐፍረቱ ይገባናል። ነገር ግን ዝምታው እናቲቱን ያስርባል፤ ልጁንም ወደ ባሰ ጥፋት ይመራዋል።

ባንክ በዚህ ጉዳይ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም አስቀድሞ ሲነገረውና ሲዘጋጅ ነው። አእምሮው የተስተካከለ ሰው ገንዘቤን ስጡኝ ካለ ባንኩ ሊከለክለው አይችልም። ልጅ ወይም ጎረቤት ስለ ሌላ ሰው ሒሳብ ቢጠይቅም ባንኩ አይገልጽም፤ ይህ ራሱ ጥበቃ ነው። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የሚከተሉትን ነገሮች ገና ችግር ሳይመጣ እንድትፈጽሙ እንመክራለን።

አንደኛ፣ አረጋዊው በባንኩ ይታወቁ። በየወሩ ባይሆን እንኳ አልፎ አልፎ ራሳቸው ይሂዱ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከሠራተኛው (ፓኪድ) ጋር ይነጋገሩ። ሁልጊዜ ጥቂት ገንዘብ የሚያወጡ እናት አንድ ቀን ከሰው ጋር መጥተው ሁሉንም ላውጣ ቢሉ፣ የሚያውቃቸው ፓኪድ ለብቻቸው አስቀምጦ «ይህን የፈለጉት እርስዎ ራስዎ ነዎት?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። የማያውቃቸው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? በከበደ ጉዳይ ላይ ከገንዘቡ የሚጠቀመው ሰው ራሱ አስተርጓሚ መሆን የለበትም። አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ እንዳለ ጠይቁ፤ ከሌለም ገለልተኛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ካርድና ምስጢር ቁጥር አብረው ለማንም አይሰጡም። የክፍያ አገልግሎት ሕግ (2019) ካርዱ ለተሰረቀበት ሰው ጥበቃ ይሰጣል፤ ካርዱን ከነቁጥሩ በገዛ እጁ ለሰጠ ሰው ግን ጥበቃው ይቀርበታል። ባንኩ ከካስፖማት በቀን የሚወጣውን መጠን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ገንዘብ ሲወጣም ወደ ስልክ መልእክት እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል። መልእክቱ የሚደርሰው በራሳቸው በአረጋዊው ወይም በሚያምኑት ሌላ ልጅ ስልክ ይሁን እንጂ ካርዱን በያዘው ሰው ስልክ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ረዳት ካስፈለገ በውክልና ይሁን። ውክልና በባንኩ ፊት ይጻፋል፤ ወካዩም በፈለጉ ጊዜ ይሽሩታል። ሒሳቡን የጋራ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። የጋራ ባለቤት የሆነ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ሊያወጣ ይችላል፤ እርሱ ያመጣው ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም ይሆናል። «ይህ ለማገዝ ብቻ ነው» ተብሎ ወረቀት ሲቀርብ፣ የውክልና ነው ወይስ የጋራ ባለቤትነት ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ የጣት አሻራም አታኑሩ።

አራተኛ፣ የነገውን ዛሬ አስቡ። ከ2017 ጀምሮ በአገራችን በእስራኤል ዘላቂ ውክልና (ዪፑይ ኮዓሕ ሚትማሼኽ) ይሠራበታል። ሰው አእምሮው ሙሉ ሳለ፣ ለዚሁ በሠለጠነ ጠበቃ ፊት፣ አንድ ቀን ማስተዋል ቢሳነው ገንዘቡን ማን እንዲያስተዳድርለት እንደሚፈልግ ይወስናል። ሰነዱም በአፖትሮፖስ ሐክላሊ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ ፍርድ ቤት ሞግዚት (አፖትሮፖስ) ሊሾም ይችላል። ጡረታቸውን ለራሳቸው ጥቅም ማዋል ላልቻሉ ሰዎችም ቢቱዋሕ ለኡሚ ሌላ ተቀባይ የመሾም ሥልጣን አለው።

አምስተኛ፣ ስለ ዋስነት። በባህላችን ዋስ ሁን የተባለ ሽማግሌ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ዋስነት ክብር ነውና። በዚህ አገር ግን የብድር ዋስ (ዓሬቭ) የሆነ ሰው ተበዳሪው ካልከፈለ ከራሱ ኪስ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ባንኩ የዕዳውን መጠን፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ተበዳሪው ባይከፍል ምን እንደሚሆን በሚገባቸው ቋንቋ እስኪያስረዳቸው ድረስ አይፈርሙ። «ወረቀቱን ወደ ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር የለውም።

በስልክ ደውለው ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሸጡም አሉ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለአረጋውያን (65 ዓመትና ከዚያ በላይ)፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ኦሊም እንዲህ ባለ ንግግር የተገባን ውል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በ4 ወር ውስጥ የመሰረዝ መብት ይሰጣል። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ከሒሳቡ በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ (ሆራአት ቄቫዕ) ካለም ባንኩ እንዲያቆመው ጠይቁ።

ገንዘቡ ቀድሞ መጉደል ከጀመረስ? ባለ ሒሳቡ ወደ ባንክ ሄደው ካርዱን ያዘጉ፤ አዲስ ካርድ በአዲስ ምስጢር ቁጥር ይጠይቁ፤ ውክልና ካለ ይሻሩ፤ ያለፉትን ወራት የሒሳብ መግለጫ አሳትመው ይያዙ። ቀጥሎ በከተማችሁ ያለውን የማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሩ። ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስቴር በ118፣ ለአረጋውያን ወደተዘጋጀው መሥመር በኮከብ 8840 መደወል ይቻላል። ዛቻ ወይም ድብደባ ካለ ፖሊስ በ100 ይጠራ። ወደ እኛ መምጣት ልጅን መክሰስ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን አንድ ላይ አስቀምጠን፣ ሽማግሌም ጨምረን፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመለስና ከእንግዲህ በማን እጅ እንደሚሆን እንነጋገራለን።

ለወጣቶችም አንድ ቃል አለን። ዕብራይስጥ ቶሎ ስለገባችሁ የወላጆቻችሁ ዓይንና አፍ ሆናችኋል፤ ይህ ትልቅ አደራ ነው። ያወጣችሁትን ገንዘብ ከነደረሰኙ በእጃቸው አስረክቡ። መግለጫው ሲመጣ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብላችሁ አንብቡላቸው። በሚቀጥለው 28ኛ ቀን ከተቻላችሁ ይዛችኋቸው ወደ ባንክ ሂዱ፤ እንደደረሳችሁም እናንተ ጥቂት ራቅ በሉና እርሳቸው ይናገሩ።