ኳሳችንን በምን እንጠበው?

ኳስ መጫወት የሚወድ ሁሉ ኳስ ማጽዳትንም ሊያውቅ ይገባዋል። በትክል ድንጋይ ሰኔ ሲገባና ሜዳው ጭቃ ሲሆን፥ አንዳንድ ጓደኞቻችን የቆዳውን ኳስ በበረኪና፥ አንዳንዶቹም በቤንዚን ያጥቡታል። ኳሱ ለጊዜው ነጭ ይሆናል። ነገር ግን በረኪናው የስፌቱን ክር ይበላል፤ ቤንዚኑም የቆዳውን ቅባት አውጥቶ ያደርቀዋል፤ ኋላም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ማጽጃ የሚመረጠው በኃይሉ ሳይሆን ለኳሱ በመስማማቱ ነው። የቦውሊንግ ኳስ ከመጫወቻው ወለል ላይ ዘይት ስለሚይዝ፥ ዘይት የሚያነሣ ልዩ ፈሳሽ ይሻል። የእኛን ጭቃ ግን ለብ ያለ ውኃ፥ ጥቂት የገላ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ያስለቅቁታል። ከታጠበም በኋላ በጥላ ይድረቅ እንጂ ፀሐይና እሳት አይቅረበው።

እንዶድስ? ልብስን በእርግጥ ያጸዳል። ሆኖም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዳስተዋሉት ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ለዓሣም መርዝ ነው። ስለሆነም እጣቢው ወደ ወንዝ መፍሰስ የለበትም።

ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ የተገዛን ኳስ በአንድ ጠርሙስ በረኪና ማበላሸት ንጽሕና አይባልም፤ ጥፋት ነው።