ትንሽም ቢሆን ውሻ ውሻ ነው



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰፈራችን አንዳንድ ግቢ ውስጥ እፍኝ የምታክል፣ ጸጉሯ የተንዠረገገ ውሻ እየታየች ነው። ልጆች «የፈረንጅ ውሻ» ይሏታል። መምጣቷን አንጠላም። ነገር ግን «ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች?» እየተባለ ሳትከተብ መቅረቷን ስላየን፣ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ማለት አስፈልጎናል።

ይህ ዘር ቺዋዋ ይባላል። ስሙ በሜክሲኮ አገር ካለው የቺዋዋ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ጸጉረ አጭርና ጸጉረ ረጅም አለው፤ ረጅሙ በእኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም። አድጎም ቢሆን ክብደቱ ከ3 ኪሎ ብዙ አያልፍም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የሚሉት ቺዋዋ እንደነበራቸው ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ውሻ የሚያበጥር እጅ አይጠፋም፤ በእኛ ቤት ግን ሥራው የባለቤቱ ነው።

ጠባዩን ብንል ለጌታው ታማኝ ነው፣ ድምፁም ከቁመቱ ይበልጣል። ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል እንጂ ሌባ አይመልስም። ማታ ውጭ ያደረ እንደሆነ የጅብ ራት ነው። የብዙዎቹ እርግብግቢት እንደ ሕፃን ስስ ስለሆነ ልጆች እንዳይጥሉት፣ እንዳይረግጡት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጸጉሩ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተበጠረ ከጆሮው ኋላና ከጭኑ ላይ ይቋጠራል። በቋጠሮው ውስጥ መዥገርና ቁንጫ ይደበቃል፤ ቆዳውም ይቆስላል። መዥገር ለማስለቀቅ ናፍጣ ወይም የእህል ፀረ ተባይ መቀባት ውሻውን መርዞ ይገድላል። በእጅ ለቅሞ፣ ከእንስሳት ሐኪም መድኃኒት መጠየቅ ይሻላል። በእኛ በአሶሳ በኩል ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት ከባድ ስለሆነ ቀን ቀን ጥላና ንጹሕ ውሃ አይለየው። በቆርቆሮ ቤት ዘግቶበት ገበያ መሄድ ማለት መግደል ነው።

ስለ ምግቡ፦ የተረፈ ወጥ አይሰጠው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የዶሮ አጥንትም አንጀት ይበሳል። ቡችላው በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይመገብ። ብዙ ሰዓት ከተራበ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ በሰው ላይ የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። በሽታው ትልቅ ትንሽ አይልም። እንዲያውም ትንሹን ውሻ ልጆች አቅፈው ፊታቸውን ስለሚያስልሱት ያሰጋል። ያበደ ውሻ ሁሉ ይናከሳል ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። አጥንት የሰነቀው መስሎን እጃችንን አፉ ውስጥ እንዳንከት።

የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ በየዓመቱም አሳድሱ። ወረቀቱን ይዛችሁ ማኅበሩ ቢሮ ብትመጡ በመዝገብ እናሰፍራለን። የተከተበ ውሻ በአንገቱ ማሰሪያ ይደረግለት፤ ባለቤት የሌለው ውሻ በሚወገድበት ጊዜ የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። በሬድዮ የሰማነውና በስልክ ያየነው ሁሉ ቢያምረንም፣ ለማበጠርና ለማስከተብ ጊዜና ገንዘብ የሌለን ከሆነ ባናመጣው ይሻላል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እሱ የድርሻውን ይወጣል፤ የቀረው የእኛ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት