ላንድክሩዘሩ ውስጥ ያለው ሰው

እኛ የከተማ ልጆች አንድ የተለመደ አባባል አለን። ጓደኛችን የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሲቀጠር «በቃ፣ አለፈለት!» እንላለን። ኤንጂኦ ማለት ለእኛ ዶላር፣ ላንድክሩዘርና አበል ነው። ሲሞቱስ? ያኔ ደግሞ «ማን ሂዱ አላቸው?» እንላለን። በየማኪያቶው ጠረጴዛ ሰምተነዋል። እውነቱን ለመናገር እኛም ብለነዋል። አሁን ግን ይብቃን!

እስቲ ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በትግራይ፣ በዓብይ ዓዲ አካባቢ፣ ቁስለኞችን ፍለጋ ወጡ። አንዷ ስፔናዊት አስተባባሪ ነበረች። ሁለቱ የሀገራችን ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ረዳት፣ አንዱ ሾፌር። መኪናቸው የድርጅቱ ምልክት ነበረበት። በማግስቱ አስከሬናቸው ተገኘ። ድርጅቱ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ባወጣው የራሱ ሪፖርት ግድያው ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ሲል ደመደመ። ከአራት ዓመት በኋላም ከመንግሥት አጥጋቢ መልስ አለማግኘቱን ተናገረ።

«ያው ጦርነት ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም! ጦርነትም ሕግ አለው፤ ቁስለኛ የሚያነሳን ሰው ሆን ብሎ መግደል የጦር ወንጀል ነው። «ሰላዮች ናቸው» የሚልም አለ። ማስረጃ ያለው ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ጥይት ማስረጃ አይሆንም። «ደመወዝ ይከፈላቸው የለ?» ለሚለውም ጥያቄ አለን፦ ለመሆኑ ስንት ብር ነው የሰው ነፍስ የሚያካክሰው?

ደግሞስ የሚሞተው ማን ሆነና? እንደ ተመድ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ380 በላይ የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል፤ ግማሽ የሚጠጉት በጋዛ። አብዛኞቹ እንደዚያ ሾፌር የየሀገሩ ልጆች ናቸው። ነገር ሲከፋ ፈረንጁ አውሮፕላን ይሳፈር ይሆናል። ሾፌሩ ግን ወዴት ይሄዳል? ቤቱ እዚያው ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ 13 የዓለም የሰብዓዊነት ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን በ1995 ዓ.ም. ባግዳድ የሚገኘው የተመድ ጽሕፈት ቤት በቦምብ ተመትቶ 22 ሰዎች አልቀዋል። ቀኑ ሲደርስ ሻማ ይበራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። ገዳዩ ሳይጠየቅ ሟችን ማወደስ ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ ንፍሮ በልቶ እንደ መመለስ ነው።

ለእኛ ማክበር ማለት «ማን ገደላቸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ እስኪመጣ እንጠይቃለን። ላንድክሩዘሩ ሲያልፍም «አለፈለት» ከማለታችን በፊት፣ በሰላም ይመለስ እንላለን።