ዲሹ የማያውቀውን ቴሌቪዥኑ ለምን ይወቅ?

ከሰሚት እስከ አያት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቦሌ አራብሳ ባሉት የለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየሞች ዲሽ ያልተሰቀለበት በረንዳ ማግኘት ይከብዳል። ዲሽ ከሳተላይት የሚመጣውን ይቀበላል እንጂ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለውም። ኢትዮሳትን የሚያሠራጨው ሳተላይት በአንድ ብሎክ ውስጥ ዜና የከፈተው ማን፣ ድራማ የሚያየው ማን፣ ስብከት የሚያዳምጠው ማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ነፃነት ያገኘነው ከሕግ አይደለም፤ ከሥርጭቱ ባሕርይ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ቴሌቪዥን ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት ሆኗል። ገጣሚው ካርቶኑን ይከፍታል፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ስክሪኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚደረደሩትን የውል ገጾች «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋቸዋል፣ ዩቲዩብ መሥራቱን አሳይቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤተሰቡ በስሙ ምን እንደተፈቀደ አይጠይቅም፤ ገጣሚውም አንብቦት ስለማያውቅ አይነግረውም። ስማርት ቲቪ ገዝቶ ኢንተርኔት ያላገናኘ ሰው ገንዘቡን እንደጣለ የሚቆጠርበት ይህ ልማድ ስህተት ነው፤ ሊቀርም ይገባዋል።

በዚያች አንድ ንክኪ ምን እንደሚፈቀድ እንይ። አምራቾቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ «አውቶማቲክ ኮንቴንት ሪኮግኒሽን»፣ በአጭሩ ኤሲአር ይባላል። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስልና ድምፅ በየቅጽበቱ ይቀዳል፣ ከቅጂው እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል አጭር ኮድ ያወጣል፣ ኮዱንም ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል። እዚያ ከተከማቹ ፕሮግራሞችና ፊልሞች ጋር ሲመሳከር ቤቱ ውስጥ ምን ይታይ እንደነበር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና የማድሪዱ ካርሎስ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሳምሰንግንና የኤልጂን ቴሌቪዥኖች በእንግሊዝና በአሜሪካ ፈትሸው ባወጡት ጥናት፣ በኩባንያዎቹ ሰነድ መሠረት ኤልጂ በየ10 ሚሊሰከንዱ፣ ሳምሰንግ በየ500 ሚሊሰከንዱ እንደሚቀዱ ገልጸዋል። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ ምስል ሲያሳይም ክትትሉ አይቆምም። የእኛ ሪሲቨሮች ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ገመድ ነው። ዲሹ ራሱ ለማንም ባይናገርም በዲሽ የታየውን ቴሌቪዥኑ ሊናገር ይችላል ማለት ነው። ላፕቶፑን ሰክቶ የቤተሰብ ፎቶ ወይም የቢሮ ሰነድ በትልቁ ስክሪን የሚያይ ሰውም ይህንኑ ቢያስብበት ይበጀዋል።

የተሰበሰበው መረጃ የት እንደሚደርስ በሕግ ፊት የታየ ጉዳይ አለ። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ቪዚዮ የተባለውን የቴሌቪዥን አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ሰዎች ሳያውቁ የሚያዩትን በየሰከንዱ ሲመዘግብ ነበር ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በክሱ እንደተዘረዘረው የእያንዳንዱ ቤት የእይታ መዝገብ ለሌሎች ድርጅቶች ይሸጥ ነበር፤ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ገቢ፣ የትዳር ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃና የቤት ባለቤትነት ሳይቀር እንዲገጣጠምበት ይደረግ ነበር። ከዚህም የባሰው፣ ክትትሉ ሳይኖርባቸው ተሸጠው ሰው ቤት ውስጥ በነበሩ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ሶፍትዌሩ ከርቀት ተጭኗል። ስለዚህ «የእኔ ቴሌቪዥን ይህ የለበትም» የሚል ሰው ዛሬ ልክ ቢሆን እንኳ፣ መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የነገውን የሚወስነው እሱ አይደለም። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቴሌቪዥን ሽያጭ ካገኘው ይልቅ ከማስታወቂያና ከመረጃ ክፍሉ ያገኘው ትርፍ በልጦ ታይቷል። በ2024 መጨረሻም ዋልማርት የተባለው ግዙፍ ቸርቻሪ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። ሳሙናና ዳቦ የሚሸጥ ድርጅት ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው በቴሌቪዥን አማካይነት ወደ ደንበኞቹ ሳሎን ለመግባት ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሰማው መልስ ይመጣል፤ «እኔ የምደብቀው የለኝም፤ ቃና ሳይ ብገኝ ምን እሆናለሁ?» ይህን መልስ የሌላው አገር ሰው ቢሰጠው ይገባኛል። የእኛ ሰው ሲሰጠው ግን የቅርቡን ታሪክ የረሳ ይመስለኛል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው መመሪያ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ጣቢያዎች መመልከትን ከልክሎ ነበር። በገዛ ሳሎን፣ በር ዘግቶ አንድ ጣቢያ ማየት በአንድ ጊዜ የሚያስጠይቅ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እነዚያው ጣቢያዎች አዲስ አበባ ገብተው ቢሮ ከፈቱ። የተፈቀደውና የተከለከለው በዚህ ፍጥነት በሚቀያየርበት አገር፣ ዛሬ የማይደበቅ የሆነ ነገር ነገም እንደዚያው እንደሚሆን ማን ዋስ ይሆናል? ያን ጊዜ ሰውን የጠበቀው የዲሹ ባሕርይ ነበር። ሞገድ ማፈን ይቻል ነበር፤ ማን ምን እንዳየ የሚናገር መዝገብ ግን ስላልነበረ የሚጠየቅ መዝገብም አልነበረም። ስልክን ከዚህ ጋር እናነጻጽር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ኢትዮጵያ የቴሌኮም ክትትል ባወጣው ሪፖርት፣ በምርመራ ክፍል ውስጥ የገዛ ስልካቸው ንግግርና የጥሪ ዝርዝር የቀረበባቸው ሰዎች ምስክርነት ሰፍሯል። ስልክ መዝገብ ይተዋል፤ መዝገቡም ተፈልጎ ይገኛል። የቴሌቪዥኑ መዝገብ በኮሪያ ወይም በአሜሪካ ኩባንያ እጅ ነው የሚለው መጽናኛም ብዙ አያስኬድም፤ ለሽያጭ የተሰበሰበ መረጃ የሚቀጥለው ገዢ ማን እንደሆነ ባለቤቱ አያውቅምና።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ስልካችን አስቀድሞ ሁሉን ያውቃል፤ ቴሌቪዥኑን ብንዘጋ ምን እናተርፋለን? ነገር ግን ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ለራሱ ይስማማል፣ ለራሱ ይጠነቀቃል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የቤቱ ሁሉ ነው። ልጆቹ፣ አያትየዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ለበዓል የመጣው እንግዳ በፊቱ ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ አንዳቸውም የተጠየቁት ነገር የለም። አንድ ገጣሚ በአንድ ንክኪ ለሁሉም ተስማምቶላቸዋል። አንዱ በር ተከፍቷል ተብሎም ሌላው አይከፈትም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው፤ የአያት ነዋሪ ምን እንዳየ ለማወቅ ማን ገንዘቡን ያወጣል?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከላይ የጠቀስኩት ጥናት የተካሄደው እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ነው፤ አሠራሩም እንደየአገሩ ይለያያል። በርካሽ የሚሸጡትን ስም የለሽ አንድሮይድ ቦክሶች በተመለከተ ግን ይህ መጽናኛ አይሠራም። ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 «ቮይድ» ብሎ የሰየመው ቫይረስ በ197 አገሮች ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጉ የቴሌቪዥን ቦክሶችን እንደያዘ ገልጿል። በብዛት የተገኘባቸውም እንደ ብራዚል፣ ሞሮኮ፣ ፓኪስታንና ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ አገሮች ናቸው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው መረብ አስጠንቅቋል። መሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ጀምሮ፣ ሌሎቹ ሲገጠሙ በሚጫኑ አፖች አማካይነት ይበከላሉ፤ ከዚያም ወንጀለኞች የዚያን ቤት የኢንተርኔት አድራሻ የራሳቸውን ማንነት ለመሸፈን ይጠቀሙበታል። ይህ ወንጀል የእይታ ልማዳችንን አይፈልግም፤ የሚፈልገው መስመራችንን ነው። በኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ አንድ ዋይፋይ ለሚጋሩ ጎረቤቶች ጉዳቱ ቦክሱን የገዛው ቤት ላይ አይቆምም።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ባለቤቱ በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ በገጣሚ ጣት የተሰጠ ፈቃድ እንደ ፈቃድ መቆጠር የለበትም። ባለሥልጣኑ አስመጪዎች የክትትሉ አገልግሎት ተዘግቶ እንዲያስረክቡ፣ የፈቃድ ገጹም በአማርኛና በሌሎቹ የአገር ቋንቋዎች እንዲቀርብ ማስገደድ ይገባዋል። ሻጮችም ዋይፋዩን ከማገናኘታቸው በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ።

እስከዚያው ውሳኔው በቤተሰቡ እጅ ነው። በዲሽ ብቻ የሚያይ ቤት ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ ቢያላቅቀው የሚያጣው ቻናል የለም። ዩቲዩብ የግድ ካስፈለገ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በሳምሰንግ «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ በኤልጂ «ላይቭ ፕላስ» የሚሉትን ማጥፋት ይቻላል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ተመራማሪዎች ፈቃዱ ሲነሳ መረጃ መላኩ መቆሙን አረጋግጠዋል። ስም የለሹን ቦክስ ግን አትግዙት፤ ገዝታችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ንቀሉት። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ገጣሚውን አትጠብቁ፣ ራሳችሁ አድርጉት።