የኮሶ ሻጭ ልጅ ቢባልስ?



በመኝታ ቤቶቻችን «የጉልት ቸርቻሪ ልጅ» ብሎ መሳደብ እንደ ቀልድ ተቆጥሯል። ተሳዳቢው ይስቃል፤ ተሰዳቢውም አንገቱን ደፍቶ አብሮ ይስቃል። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከውርጌሳ የመጣን ልጆች ግን በዚህ ልንስቅ አይገባንም። በታሪካችን እጅግ የታወቀው የዚህ ዓይነት ስድብ የተወረወረው፣ ከእኛው ከየጁ ወጥቶ ጎንደርንና ደብረ ታቦርን ከገዛው ከወረሼህ ቤት ሰፈር ነውና።

ወይዘሮ አትጠገብ የቋራው ባላባት የኃይለ ጊዮርጊስ ባለቤት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ችግር ላይ ወደቁ፤ ጎንደር ላይ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን ካሣን አሳደጉ ይባላል። ካሣ ሸፍተው ባስቸገሩ ጊዜ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ጦር ላኩባቸው። በ1839 ዓ.ም. አዝማቹ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጪቱን ልጅ» ይዞ ሊመጣ ፎከረ። ነገሩ ተገላበጠ፤ ተሸንፎ ተማረከና ያንኑ ኮሶ ተጋተ ይባላል። በዚያው ዓመት በሰኔ እቴጌይቱ ራሳቸው ቆስለው ተማረኩ።

አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የኮሶው ነገር የጠላት ፈጠራ ነው ይላሉ። ይሁን! እውነት ከሆነ አንዲት መበለት በላቧ ንጉሥ አሳድጋለች። ፈጠራ ከሆነ ግን የባሰ ነው፤ መኳንንቱ አንድን ሰው ለማዋረድ አስበው አስበው ያገኙት ትልቁ ነውር፣ እናቱ ሠርታ መብላቷ ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ ኮሶ ምንድን ነው? ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ ጌታም ሎሌም፣ በየሁለት ወሩ ገደማ የዛፉን አበባ አስፈጭቶና አስበጥብጦ ካልጠጣ የሆዱ ትል አይለቀውም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያንም ወደ መድኃኒት ቤቶቻቸው አስገብተውታል። እንግዲህ ኮሶ ሻጭ የዘመኑ የመድኃኒት ነጋዴ ነበረች። ብርንዶ የሚቆርጠው ጌታ ያለ እርሷ አይሆንለትም፤ ዳሩ ግን ሆዱን ባሻረችው ማግስት ሰደባት።

ከዚያው ከወረሼህ ቤት ግን ሌላ ሴት ወጥተዋል፤ የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች። ካሣን በዝምድና ለማሰር ተዳሩላቸው። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የአባታቸው ጦር በባላቸው ጦር ሲፈርስ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ከዚያም በ1850 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከባላቸው አልተለዩም። «ታማኝ ሚስት» እያልን እናወድሳቸዋለን። ምስጋናው እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የገዥ ቤት ልጅ «ኮሶ ሻጭ» ለተባሉት ሴት ምራት ሆነው ኖሩ። የአያታቸው ሰፈር የናቀውን በአኗኗራቸው አከበሩ። እኛ የየጁ ልጆች የወንድይራድን ፉከራ እንውረስ ወይስ የተዋበችን ልብ?

«ነጋዴ እኮ ያጭበረብራል፣ እህል ይደብቃል» የሚል ይኖራል። የሚደብቅ አለ። ነገር ግን መጋዘን ሞልቶ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቀውን ማን ሰድቦት ያውቃል? እርሱማ ሲያልፍ ተነሥተን ወንበር እንለቅለታለን። ስድቡ የሚያርፈው መርሳ ገበያ ፀሐይ ላይ ጆንያ አንጥፋ ማንጎና ሽንኩርት በመደብ በመደብ በምትሸጠው እናት ላይ ነው። ስለዚህ ስድቡ ሌብነትን የሚጠላ ሳይሆን ድህነትን የሚጠላ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ያንኑ ሲደግም፣ የተማረው ምኑን ነው? የአውቶቡስ መሳፈሪያችን፣ ደብተራችን፣ ለብሰነው የመጣነው ጃኬት ከጉልት የተገኘ አይደለምን? ስለ እናቷ ሥራ ስትጠየቅ «የቤት እመቤት ናት» ብላ የምትሸሽግ እኅታችን ያፈረችው በእናቷ ሳይሆን በእኛ ሳቅ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስድቡ ሲነገር አንሣቅ፤ የሚስቅለት ያጣ ተሳዳቢ ሁለተኛ አይደግምም። ሁለተኛ፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች በምረቃ መጽሔታቸው ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር እናታቸው በምን ሥራ እንዳስተማረቻቸው በግልጽ ይጻፉ። ጠላ ሻጭ ከሆነች ጠላ ሻጭ፣ በርበሬ ቸርቻሪ ከሆነች በርበሬ ቸርቻሪ ትባል። ያን ጊዜ ማን ማፍረስ እንዳለበት ሳይሆን ማን ማፈር እንዳለበት ይታወቃል።