«ባዶው» ሜዳ፤ የሳፋሪ ካምፕና የኪነ ጥበብ ኃላፊነት

በኬንያ ማሣይ ማራና በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ስምንት ወይም አሥር ድንኳኖች ብቻ ያሉት የሳፋሪ ካምፕ ከቅንጦት ማረፊያዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ ይቆጠራል። ድንኳኑ ከሸራ የተሠራ ቢሆንም በውስጡ የናስ መታጠቢያ ገንዳ፣ ባለ አጎበር አልጋና የብር ማንኪያ አይታጣበትም። ማታ ማታ ቀይ ጨርቅ ያጣፋ ማሣይ ጦሩን ይዞ እንግዳውን እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ይሸኘዋል። የአንድ ሌሊት ዋጋ በነፍስ ወከፍ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ በሆነ ዶላር ይተመናል። የካምፑ ትንሽነት የትሕትና ምልክት አይደለም፤ ዋጋውን የሚያንረው ራሱ ትንሽነቱ ነው።

ለመሆኑ በዚህ ገንዘብ የሚሸጠው ምንድን ነው? አንበሳና ዝሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ማየትም ይቻል ነበር። ዋናው ሸቀጥ ባዶነት ነው፤ መንደር የማይታይበት፣ ከብት የማይሰማራበት፣ እረኛ የማያፏጭበት ምድር። ይህ ባዶነት ግን ከተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን በአዋጅ የተፈጠረ ነው።

የቅኝ ገዢው የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1911 «ስምምነት» በሚል ስም ማሣዮችን ከስምጥ ሸለቆው፣ ቀጥሎም ከላይኪፒያ አስነሥቶ ለም መሬታቸውን ለነጭ ሰፋሪዎች አከፋፈለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የሴሬንጌቲ ማሣዮች የፓርኩን ምድር ለቀው ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲጠቃለሉ ተደረገ። ሴሬንጌቲ የሚለው ስም እንኳ ማለቂያ የሌለውን ሜዳ ከሚያመለክት የማሣይኛ ቃል የመጣ ነው። ስሙ ቀረ፤ ሰያሚው ተባረረ።

በዚህ ሥራ ኪነ ጥበብ ንጹሕ እጅ አልነበረውም። በዚያው በ1959 የጀርመናዊው በርንሃርድ ግርዚሜክ «ሴሬንጌቲ አይሞትም» የተሰኘ ፊልም ወጣ፤ በ1960 የኦስካር ሽልማት አገኘ። ግርዚሜክ ለእንስሳቱ የነበረው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም በፓርኩ ውስጥ ማንም ሰው፣ የአገሬው ተወላጅ ጭምር፣ መኖር የለበትም የሚለውን አቋም በዓለም ያስፋፋ ሰው ነው። በ1985 የወጣው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ፊልምም የቅኝ ግዛቱን ዘመን በለስላሳ ብርሃን ቀብቶ አሳየ። የዛሬው ካምፕ የናስ ገንዳና የሸክላ ማጫወቻ የዚያ ዘመን ናፍቆት ዕቃ ነው። ባርነቱ ከሥዕሉ ተፍቆ ውበቱ ብቻ ለገበያ ቀረበ።

የካምፑ ጠበቆች «ቱሪዝም ባይኖር እንስሳቱ ባልተረፉ፣ ሥራም ባልተገኘ ነበር» ይላሉ። ቱሪዝም ለፓርኮቹ ጥበቃ ገንዘብ ማስገኘቱ አይካድም። ነገር ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የዱር መንጋ በየዓመቱ የሚመላለስበትን ሜዳ ካምፖቹ አልፈጠሩትም። የዱር እንስሳ ሥጋ መብላት ልማዱ ያልሆነው፣ ከብቱን በወቅት እያፈራረቀ የሚያግደው አርብቶ አደር ከመንጋው ጋር ለዘመናት አብሮ ኖሯል። በማራ ዙሪያ የመሬት ባለቤትነት ማረጋገጫ ያላቸው የማሣይ ቤተሰቦች መሬታቸውን አስተባብረው ለካምፖች በማከራየት የኪራይ ገቢ ያገኛሉ። ግጦሹ እዚያም ቢገደብ፣ ማሣዩ ቢያንስ አከራይ ሆኖ ይደራደራል። እንግዲህ ጥያቄው እንግዳ ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም፤ ጥያቄው የመሬቱ ጌታ ማን ነው የሚል ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ ንቀቱ ከቅኝ ገዢው ጋር አልተቀበረም። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የታንዛኒያ መንግሥት በሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ለመከለል ችካል ሲተክል ግጭት ተነሣ፤ አንድ ፖሊስ ሞተ፣ ማሣዮች በጥይት ቆሰሉ፣ ብዙዎችም ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ይህን ያደረገው ነጭ ገዢ ሳይሆን የነፃይቱ አፍሪካ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለችም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ከረዩና አፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽ ምድራቸውን አጥተዋል።

ስለዚህ የአዋሽን ሜዳ የሚሥል ሠዓሊ ከአጋዘኑ አጠገብ የእረኛውን ዱካ ለምን እንደተወ ይጠየቅ። ስለ ፓርክ የሚያስተምር መምህር የእንስሳቱን ስም ሲያስቆጥር የተነሡትን ሰዎችም ስም ያስቆጥር። በገጠር የሚሠራ ካድሬም «ጥበቃ» የሚለውን ቃል ከመድገሙ በፊት ከማን፣ ለማን ብሎ ይመርምር። ባዶ ተብሎ የተሣለ ምድር ለመነጠቅ የተዘጋጀ ምድር ነው፤ ሰውን ወደ ሥዕሉ መመለስ መሬቱን ወደ ባለቤቱ የመመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።