ሁለት ጊዜ የተከፈለው ምሁር

«የደከመች ከተማ ላድስ» የሚል ምሁር ሲነሣ እኔ በበኩሌ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፡፡ ለመሆኑ ሐሳቡ ቢከሽፍ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

አሜሪካዊውን የከተማ ፖሊሲ ተመራማሪ ሪቻርድ ፍሎሪዳን እንመልከት፡፡ በፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ «ፈጠራ መደብ» መነሣት ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን በዓለም ናኘው፡፡ መድኃኒቱ ለመዋጥ የቀለለ ነበር፡፡ ቴክኖሎጂ፣ ተሰጥኦና መቻቻል ያለባት ከተማ ሠዓሊውን፣ መሐንዲሱን፣ የኮምፒዩተር ባለሙያውን ትስባለች፤ እነሱ ካሉ ሀብት በእግሩ ይመጣል! ከንቲባዎች ተቀበሉት፤ እሱም አማካሪ ድርጅት አቋቋመ፡፡

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያው ሰው «አዲሱ የከተማ ቀውስ» የሚል መጽሐፍ ይዞ ብቅ አለ፡፡ ትርፉን ያፈሱት ጥቂት ከተሞችና ባለጸጎች መሆናቸውን፣ ኪራይ የናረበት ሠራተኛ ወደ ዳር መገፋቱን ጻፈ፡፡ የቀድሞው ተስፋው ከልክ ያለፈ እንደነበርም አመነ፡፡

ማመኑን አላንኳስስም፡፡ ብዙዎች ይህንንም አላደረጉትም፡፡ ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል! ቀመሩ አንድ መጽሐፍ ሆነ፤ የቀመሩ ጉድለት ደግሞ ሌላ መጽሐፍ፡፡ ምሁሩ ሁለት ጊዜ ተከፈለው፡፡ «ሐሳብን ማረም የዕውቀት ወግ ነው» የሚሉኝ አይጠፉም፡፡ እውነት ነው፤ መጽሐፍ ታርሞ በሁለተኛ እትም ይወጣል፡፡ የተበተነ ጉርብትና ግን ሁለተኛ እትም የለውም፡፡

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ሶሲዮሎጂስቱ ኸርበርት ጋንስ ነበር፡፡ የቦስተን ዌስት ኤንድ ሰፈር «የደቀቀ መንደር» ተብሎ ሊፈርስ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እዚያው ገብቶ ከነዋሪው ጋር ኖረ፡፡ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍም፣ ባለሥልጣን የናቀው መንደር ዘመድና ጎረቤት ተደጋግፎ ያቆመው ማኅበር እንደነበር አሳየ፡፡ ምን ያደርጋል፣ ሰፈሩ ቀድሞ ፈርሷል!

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ያየ ይረዳኛል፡፡ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፡፡ ስለዚህ ከተማ እናድሳለን የሚሉን ምሁራን ሁሉ ሁለት ነገር ይጠየቁ፡- ምክራቸውን ከመስጠታቸው በፊት ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚኖር ይወቁ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ተመልሰው ያ ሰው የት እንደ ደረሰ ይንገሩን፡፡ ይህን የማይችል ምክሩን ለራሱ ቤት ያድርገው፡፡